«ዶክተር፣ ሥራዬን ለቅቄ ሕክምና ልማር ወይ?»



ዛሬ ስለ በሽታ አልጽፍም። በምርመራ ክፍሌም ሆነ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ስለሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ ነው የምጽፈው።

ከሦስት ወር በፊት አንዲት የ31 ዓመት ሴት ለጨጓራ ሕመም ልትታከም መጣች። ዲግሪዋ በባዮሎጂ ነው፤ የምትሠራው ግን ባንክ ነው። ስምንት ዓመት ሠርታ ጥሩ ደረጃ ላይ ደርሳለች። የምርመራ ውጤቷን አይቼ ለጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ጻፍኩላት። ወረቀቱን ይዛ ተነሣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ተመልሳ ተቀመጠች።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ሥራዬን ለቅቄ ሕክምና መማር እፈልጋለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ውጭ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። «መልቀቂያ እንዳታስገቢ። ለቀጠሮሽ ስትመጪ በደንብ እናወራለን» ብዬ ሸኘኋት።

ቶሎ ያልመለስኩላት ወረፋው ስላስጨነቀኝ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለዚሁ ጥያቄ ቶሎ መልስ ሰጥቼ ስለማውቅ ነው።

ያኔ የጠየቀኝ የቤተሰባችን ወዳጅ የሆነ መሃንዲስ ነበር። አባቱ በስትሮክ በድንገት ሞተውበታል። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆሞ፣ ውስጥ ምን እየተደረገ እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ነው ያጣቸው። አርባቸው እንደወጣ «ሕክምና ልማር ነው» አለኝ። እኔም «ጎበዝ ነህ፣ ትችላለህ፣ ሂድ!» አልኩት። ሥራውን ለቆ የግል ኮሌጅ ገባ። ሁለት ዓመት ከፍሎ ከተማረ በኋላ አቋረጠ። ትምህርቱ ከብዶት አልነበረም፤ ውጤቱ ጥሩ ነበር። «እኔ የፈለግኩት ሐኪም መሆን አልነበረም፤ አባቴ ለምን እንደሞተ ማወቅ ነበር» አለኝ። ወደ ሙያው ሲመለስ የድሮ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል፤ ያጠራቀመው ገንዘብም አልቋል።

ያ ምክር እኔን ምንም አላስከፈለኝም። እሱን ግን ሁለት ዓመት አስከፈለው።

በሌላ በኩል ደግሞ የማልረሳው ሰው አለ። ጀማሪ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ በተመደብኩበት ሆስፒታል አንድ የ38 ዓመት ኢንተርን ነበር። እኔ 26 ዓመቴ ነው። እሱ 9 ዓመት ባዮሎጂ ሲያስተምር ቆይቶ በ33 ዓመቱ ሕክምና የገባ ሰው ነው። ሌሎቹ ኢንተርኖች «ቲቸር» ነበር የሚሉት።

አንድ ቀን ዓይነት 1 ስኳር ያለባት የ10 ዓመት ልጅ ስኳሯ በጣም ወጥቶ፣ ትንፋሿ ፈጥኖ፣ ራሷን ልትስት ደርሳ መጣች። በአራት ወር ውስጥ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። ፈሳሽና ኢንሱሊን ሰጥተን ነፍሷ ተመለሰ። እንደ ቀድሞው «ኢንሱሊኑን እንዳታቋርጡ» ብለን ልንሸኛት ስንል ቲቸር ወንበር ስቦ ከእናቷ ጎን ተቀመጠ። «እስቲ እናቴ፣ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚወጓት ያሳዩኝ» አላቸው። ኢንሱሊኑ ምድጃ አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ልጅቷ ምግብ አልበላም ባለች ቀን ሁሉ መርፌው እንደሚዘለል ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ኢንሱሊን በላስቲክ ተጠቅልሎ እርጥብ አሸዋ ባለበት ሸክላ ዕቃ ውስጥ ቀዝቀዝ ብሎ ሊቆይ እንደሚችል አስረዳቸው። ልጅ ሲታመምና ምግብ እምቢ ሲል ኢንሱሊን ጨርሶ እንደማይቋረጥ፣ ይልቁንም ስኳሩ ተለክቶ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መምጣት እንዳለበት ነገራቸው። ከዚያም ልክ እንደ ተማሪ «አሁን እርስዎ ለእኔ ያስረዱኝ» አላቸው። እኔ እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ያቺ ልጅ ለቀጠሮ እንጂ ለድንገተኛ ስትመጣ አላየኋትም።

ያው ሰው ግን አንድ ሌሊት ዲውቲ ላይ ሻይ ስንጠጣ፣ «ቤት ስገባ ትንሿ ልጄ ‹እማዬ፣ እንግዳ መጣ› ትላለች» አለኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ ሻዩን ግን አልጨረሰውም።

እንግዲህ አስተያየቴን ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርግ። በ30ዎቹ ዕድሜ ሕክምና መጀመር ይቻላል፤ እብደትም አይደለም። ነገር ግን ከሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ አሁኑኑ ሥራቸውን እንዲለቁ አልመክርም። ችሎታ አንሷቸው አይደለም። የሐኪምን ተራ ቀን ሳያዩና የቤታቸውን ወጪ ሳያሰሉ ሊወስኑ ስለሚነሡ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ።

እኔ ራሴ ሕክምናን መረጥኩ ማለት ይከብደኛል። የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ነው የመረጠልኝ። ቤተሰብ ደስ አለው፣ ጎረቤት እልል አለ፣ እኔም ገባሁ። በ18 ዓመቱ የሚገባ ልጅ ብዙም ሳያውቅ ይገባል፤ የሚተወው ነገር ግን ትንሽ ነው። በ33 ዓመቱ የሚገባ ሰው ደመወዝ፣ ደረጃ፣ ምናልባትም ትዳርና ልጅ አለው። ስለዚህ አውቆ መግባት አለበት። ለማወቅ የሚረዱ ናቸው የምላቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ላንሣ።

ለምን ፈለጋችሁት?

የቅርብ ሰው ታሞባችሁ ወይም ሞቶባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሐዘናችሁን አልቅሱ። ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይሞላ ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ። «እናቴ ለምን ሞተች?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይገባዋል፤ ግን መልሱን ለማግኘት ሰባት ዓመት መማር አያስፈልግም። የሕክምና ማስረጃውን ይዛችሁ ያከማትን ሐኪም ወይም ሌላ ሐኪም ጠይቁ። ማብራሪያ መጠየቅ መብታችሁ ነው። እኛ ሐኪሞችም በር ላይ ለቆመ ቤተሰብ አምስት ደቂቃ ብንሰጥ ኖሮ፣ ያ መሃንዲስ ሁለት ዓመት ባልባከነበት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሥራችሁን ጠልታችሁ ከሆነም ቆም በሉ። ሥራን መጥላትና ሕክምናን መውደድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አለቃ የሰለቸው ሰው ሆስፒታል ውስጥም አለቃ ያገኛል፤ ያውም በዕድሜ ከእሱ የሚያንስ ሬዚደንት ራውንድ ላይ በታካሚ ፊት ሊቆጣው ይችላል። ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ መሥሪያ ቤት መቀየር ወይም በቂ እረፍት ሊሆን ይችላል። ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር የማያስደስታችሁ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት የጠፋባችሁ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሙያ ሳይሆን የድብርት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ታከሙ።

ለክብርና ለገንዘብ ከሆነስ? «ዶክተር» የሚለው ስም ክብር አለው፤ የቤት ኪራይ ግን አይከፍልም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ኑሯቸው ያነሡትን ጥያቄ ሰምታችኋል። ጥሩ ደረጃ ላይ የደረሰ ባለሙያ ጀማሪ ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ሲቀጠር የሚያገኘው ከተወው ሊያንስ ይችላል። ተመርቀው ወዲያው ሥራ ያላገኙ ወጣት ሐኪሞችንም አውቃለሁ።

ጥሩ ምክንያት ምን ይመስላል? ቲቸርን ለምን እንደገባ ጠይቄው ነበር። «ተማሪ ሲታመምብኝ ጤና ጣቢያ ድረስ እኔ ነበርኩ የምወስደው። ሌሎች መምህራን ለመመለስ ይቸኩላሉ፤ እኔ አልቸኩልም ነበር» አለኝ። ከሕመምተኛ ጋር መቆየት የማይሰለቸው ሰው ነበር። እኔ የማምነው እንዲህ ያለውን ምክንያት ነው፤ ምክንያቱም የሐኪም ቀን የሚያልፈው በታላላቅ ተአምራት ሳይሆን ሳል፣ ወገብ ሕመም፣ ደም ግፊትና «መድኃኒቱን አቋርጬው ነበር» የሚል ሰው ሲመጣና ሲሄድ ነው።

መንገዱ ስንት ዓመት ነው?

በአገራችን ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ለሚገባ ተማሪ ሕክምና የኢንተርንነቱን ዓመት ጨምሮ ከ6 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በተፈጥሮ ሳይንስና በጤና የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች የሚቀበል አዲስ ሥርዓተ ትምህርት በ13 ተቋማት ተጀምሮ ነበር። የሚወስደው 5 ዓመት ገደማ ነው፤ ቲቸር የገባው በዚህ ነው። ይህ በር ግን ሁልጊዜና በሁሉም ዩኒቨርሲቲ ክፍት ነው ብላችሁ አትነሡ። ወሬ ሰምታችሁ ሥራ አትልቀቁ። የምትፈልጉት ተቋም ሬጅስትራር ድረስ ሄዳችሁ ዘንድሮ ማንን እንደሚቀበል፣ የመግቢያ ፈተናው ምን እንደሆነና ክፍያውን ጠይቁ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ዕውቅና ያለው መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ።

ከምረቃ በኋላ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ስፔሻሊስት መሆን የሚፈልግ ሰው እንደገና ተወዳድሮ ገብቶ እንደ ትምህርቱ ዓይነት ከ3 እስከ 5 ዓመት ይማራል። በ33 ዓመቱ የጀመረ ሰው ጠቅላላ ሐኪም የሚሆነው ከ38 እስከ 40 ዓመቱ ነው። ሳያቋርጥ ቢቀጥል እንኳ ስፔሻሊስት ሲሆን 40ዎቹን ያጋምሳል። የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። በመካከል ያሉት ዓመታት ጥቂት አይደሉም፤ ብዙ ሰው ማገልገል ይቻልባቸዋል። ግን ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩት።

አሜሪካ ሆናችሁ የምትጠይቁኝም አላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ነርሶች ናችሁ። እዚያ መጀመሪያ የኮሌጅ ዲግሪ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ይጠይቃሉ፤ ኤምካት የሚባል ፈተናም አለ። ከዚያ የሕክምና ትምህርቱ 4 ዓመት፣ ሬዚደንሲው ከ3 እስከ 7 ዓመት ነው። አብዛኛው ተማሪ የሚማረው በብድር ነው። አገር ቤት ገንዘብ የምትልኩላቸው ሰዎች ካሉ ይህንንም ከሂሳቡ አትርሱት።

የማን ኪስ ነው የሚከፍለው?

ወረቀትና እስክሪብቶ አንሡ። ለምሳሌ የአንድ ቤት የወር ወጪ 30,000 ብር ነው እንበል። በ5 ዓመት ውስጥ 60 ወር አለ፤ 1,800,000 ብር መሆኑ ነው። የትምህርት ክፍያና የኑሮ ውድነት ገና አልተጨመረበትም። የእናንተ ቤት ቁጥር ሌላ ይሆናል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

ከዚያ በእናንተ ደመወዝ የሚኖሩትን ሰዎች ስም ጻፉ። እናት፣ አባት፣ የምታስተምሩት ወንድም፣ ልጆች። እቁብና ብድር ካለባችሁ ጨምሩ። ባንክ የምትሠሩ ከሆነ በሠራተኛ ወለድ የወሰዳችሁት የቤት ብድር ስትለቁ ወለዱ ምን እንደሚሆን ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ለመልቀቅ ከመጻፋችሁ በፊትም ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወይም የትርፍ ሰዓት ሥራ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ያገባችሁ ከሆናችሁ «እደግፍሃለሁ»፣ «አለሁልሽ» የሚለው ቃል ጥሩ ነው፤ ግን በሥራ ምን ማለት እንደሆነ ተነጋገሩ። ልጆቹን ማን ይወስዳል? ማን ያመጣል? እናንተ ዲውቲ ስታድሩ ልጅ ቢታመም ማን ይነሣል? የቲቸር ባለቤት ለሱቆች እንጀራ እያስረከበች ነበር ቤቱን የያዘችው። እሷ ባትስማማ ኖሮ እሱ ዛሬ ሐኪም አይሆንም ነበር። የትዳር ጓደኛችሁ ከልቡ ካልተስማማ እባካችሁ አትጀምሩት።

ሰውነታችሁስ?

ኢንተርን ቀን ሠርቶ፣ ሌሊት ዲውቲ አድሮ፣ በማግስቱ ራውንድ ላይ ይቆማል። በ24 ዓመት የሚታለፍ የእንቅልፍ እጦት በ38 ዓመት ይከብዳል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ሕመሙ ሊነሣበት ይችላል። ማይግሬን፣ የስሜት መዋዠቅ ሕመም፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁም ከሐኪማችሁ ጋር ሳትመካከሩ አትግቡ። አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል ማለቴ ነው።

ሆስፒታል ከመግባታችሁ በፊት ሄፓታይተስ ቢ ተመርመሩ። ነፃ ከሆናችሁ ክትባቱን ውሰዱ። ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ ከመጀመሪያው በኋላ ሁለተኛው በ1 ወር፣ ሦስተኛው በ6 ወር። የጤና ሥራ ከደምና ከመርፌ ጋር ስለሆነ ይህን ለነገ አትበሉት። አሁን በጤና ሥራ ላይ ያላችሁ ያልተከተባችሁም እንደዚሁ።

ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር፤ ሌላ ሰው በግልጽ ላይነግራችሁ ይችላል። ከ35 ዓመት በኋላ የመፀነስ ዕድል እየቀነሰ ይሄዳል፤ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ደም ግፊትና ስኳርም ይጨምራል። ላስፈራራችሁ አይደለም። ኢንተርን ሆነው ወልደው ያሳደጉ ጓደኞች አሉኝ። ግን «ልጁ ከተመረቅኩ በኋላ ይደርሳል» ስትሉ ያ ቀን 40 ዓመታችሁ ላይ ሊውል እንደሚችል አውቃችሁ ወስኑ።

ሳትለቁ እዩት

ደመወዛችሁን ሳትተዉ ማየት የምትችሉት ብዙ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ በጎ ፈቃደኛም ይቀበላል። ዘመድ ሆስፒታል ሲተኛ «እኔ አስታምማለሁ» ብላችሁ ሌሊቱን ዋርድ ውስጥ እደሩ። ሽታውን፣ ጩኸቱን፣ ተራ የሚጠብቀውን ሕዝብ፣ ንጋት ላይ የኢንተርኑን ፊት እዩ። አስታማሚ ሆናችሁ ባደራችሁበት ሌሊት የምታዩትን ማንም ሐኪም በቃል ሊነግራችሁ አይችልም።

ሦስት ሐኪሞች አነጋግሩ፦ አንድ አዲስ ምሩቅ፣ አንድ አሥር ዓመት የሠራ፣ አንድ ሙያውን የተወ። ሁለቱን ብቻ አነጋግራችሁ ሦስተኛውን አትዝለሉት። ከዚያ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ መጽሐፍ አንሥታችሁ ለሦስት ወር ከሥራ በኋላ በየማታው አንድ ሰዓት አንብቡ። ሦስት ወር ሙሉ ማንበብ ካልተቻለ ችግሩ ጊዜ ይሁን ፍላጎት ራሳችሁን በሐቀኝነት ጠይቁ።

ሌሎች በሮችም አሉ

ሰው የሚድነው በሐኪም ብቻ አይደለም። የተበላሸ ማሽን ባለሙያ አጥቶ ጥግ ላይ ሲቀመጥ አይቻለሁ፤ መሃንዲስ ከሆናችሁ ባዮሜዲካል ምህንድስና አለላችሁ። የሂሳብ ባለሙያ ከሆናችሁ ሆስፒታሎችና የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሐቀኛና ጎበዝ ሂሳብ ሠራተኛ ይፈልጋሉ፤ መድኃኒት ከመደርደሪያ የሚጠፋው ገንዘብ ስለሌለ ብቻ ሳይሆን ግዢ ስለሚዘገይም ነው። መምህር ከሆናችሁ የኅብረተሰብ ጤና ወይም የሥነ ልቦና ትምህርት አለ። ነርስነት፣ ጤና መኮንንነት፣ ፋርማሲና ላቦራቶሪም ራሳቸውን የቻሉ ሙያዎች እንጂ «ሐኪም መሆን ያቃተው ሰው» የሚገባባቸው አይደሉም። ነርስ ሌሊት በ8 ሰዓት የታካሚውን ትንፋሽ አይታ ካልቀሰቀሰችኝ እኔ ምንም አላውቅም።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ቃል

ሁላችንም ቤት እንግዳ ሲመጣ ልጁን አቁመን «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» እንላለን። ልጁም «ዶክተር!» ይላል፤ እናጨበጭባለን። ያ ጭብጨባ ለአንዳንዱ ሰው እስከ 35 ዓመቱ ይሰማዋል። በውስጥ መስመር ከሚጽፉልኝ ሰዎች ጥቂቶቹ የሚጨርሱት «አባቴ ሁልጊዜ ሐኪም እንድሆን ይፈልግ ነበር» በሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ልጃችሁ መልካም ሒሳብ ሠራተኛ፣ መካኒክ ወይም መምህር ከሆነ «በቃኸኝ፣ ኮርቼብሃለሁ» በሉት። ይህን ሳይሰማ ያደገ ሰው ዘግይቶ ውድ ዋጋ ሊከፍልበት ይችላል።

ያደገ ልጃችሁ መጥቶ «ሥራ ልለቅ ነው» ሲላችሁም ሁለት ነገር አትበሉ። «አብደሃል?» አትበሉት፤ ከዚያ በኋላ እልህ ይይዘዋል እንጂ አያስብም። «ተመስገን፣ በመጨረሻ ልጄ ዶክተር ሊሆን ነው!» ብላችሁም ለዘመድ አትደውሉ፤ ሐሳቡን መቀየር ቢፈልግ ያፍራል። «ወጪውን እንዴት አሰብከው? እኛስ የምንችለው ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። የማትችሉ ከሆነም አንችልም በሉት። የማይፈጸም ተስፋ ይዞ ሦስተኛ ዓመት ላይ ከሚቆም፣ እውነቱን ዛሬ ቢሰማ ይሻለዋል።

እንግዲህ ማን ይግባ?

ሕመምተኛ አጠገብ አድሮ አይቶት ከዚያም በኋላ የሚፈልገው፣ የ60 ወሩን ሂሳብ በወረቀት ያስቀመጠ፣ ቤተሰቡ አውቆ የተስማማለት፣ ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ቢቀር እንኳ የማይቆጭ ሰው ይግባ። ለእንዲህ ያለ ሰው ዕድሜው መሰናክል አይሆንበትም። እንዲያውም ኪራይ ከፍሎ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ከሰው ጋር ሠርቶ የመጣ ሐኪም ታካሚው ለምን መድኃኒቱን እንዳልገዛ ቶሎ ይገባዋል። እኔ በ26 ዓመቴ ያቺን እናት «አታቋርጡ» ብዬ ልሸኛት ነበር። ወንበር ስቦ የተቀመጠው ቲቸር ነው።

የባንክ ሠራተኛዋ ከሁለት ወር በኋላ ለቀጠሮዋ መጣች። የጨጓራ ባክቴሪያው መጥፋቱን በምርመራ አየን። ከዚያ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ሂሳቡን ሠርታዋለች። እናቷ የልብ ታማሚ ናቸው፤ ለዓመታት ሆስፒታል የምታመላልሳቸው እሷ ናት። ዋርድ ውስጥ ሌሎች ታካሚዎች የመድኃኒት ወረቀታቸውን እንድታነብላቸው ይጠሯት እንደነበር፣ እሷም ከአልጋ አልጋ እየዞረች ስታነብ እንደምታመሽ ነገረችኝ። ይህን ስሰማ የቲቸር ነገር ትዝ አለኝ።

ወረቀቱ ላይ ግን ሌላም ነገር ነበር። የምታስተምረው ወንድሟ ሊመረቅ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። «አሁን ብለቅ እሱ ይቋረጥበታል» አለች። ስለዚህ ሁለት ዓመት ልትጠብቅ ወስናለች። እስከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ ልታገለግል፣ ማታ ማታ ልታነብ፣ ገንዘብም ልታጠራቅም ነው። ያኔ 33 ዓመቷ ይሆናል።

«ዘገየሁ ይሆን፣ ዶክተር?» አለችኝ።

«የማውቀው አንድ መምህር በ33 ዓመቱ ነው የጀመረው» አልኳት።

ትግባ አትግባ ገና አልታወቀም፤ የሚወሰነው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አሁን ግን ምን ልትተውና ወደ ምን ልትሄድ እንደምታስብ ታውቃለች። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራዋን በዚያው ቀን አዘዝኩላት፤ ነፃ ነበረች፤ የመጀመሪያውን ክትባት ወስዳለች።

እናንተም በዚህ ሐሳብ ውስጥ ካላችሁ መልቀቂያውን ዛሬ አትጻፉ። ሂሳቡን ዛሬ ጻፉ።